ጥጥ ያልገባበት መጋጠሚያ

አባቴ ቶራኪቺ ከጃፓን ተሰደው መጥተው፣ የፍሬዘር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ጀልባ ሠርተዋል። የሥራ ቤታችን ከጭቃው በላይ በግንዶች ላይ የቆመ ረጅም የሳንቃ ቤት ነበር፤ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ከወለሉ ሥር ገብቶ ይንሿሿል፣ ሲሸሽ ጭቃና የዓሣ አጥንት ጥሎ ይሄዳል። የምንኖረውም እዚያው፣ ከጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር። እናቴ ቶዮ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት እኔ አሥራ አራት፣ ወንድሜ ማሳሩ አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። ማሳሩ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ወደ ባሕር ወጣ። ከአባቴ ጋር ሥራ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ሱዬ።

አባቴ በወረቀት ላይ ንድፍ አውጥተው አያውቁም። የጀልባው ልክ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው ያለው። መጋዛቸውም እንደ ሌሎቹ አናጺዎች ሲገፉት ሳይሆን ወደ ራሳቸው ሲስቡት የሚቆርጥ ነበር። በዚህ ሳይሰለች የሚቀልድባቸው አርቪድ ኒሉንድ የሚባል ስዊድናዊ ዓሣ አጥማጅ ነው።

"ቶራ፣ አንተ እኮ እንጨቱን ትለምነዋለህ እንጂ አትቆርጠውም!"

"አንተ ደግሞ ትደበድበዋለህ" ይሉታል አባቴ ቀና ሳይሉ። "ለዚህ ነው ጀልባህ ሌት ተቀን የምታለቅሰው።"

እውነትም የአርቪድ ጀልባ ሌላ ሰው የሠራት፣ ውሃ የምታስገባ አሮጊት ነበረች። በየክረምቱ እኛ ዘንድ ያመጣትና አባቴ ሲጠግኗት ከእኛ ጋር ሩዝና ጨው የበላ ሳልሞን ይበላል። ከጎን የምናቀርበውን በጨው የኮመጠጠ የራዲሽ ሥር "እግር እግር ይላል" ብሎ አፍንጫውን ይይዛል፤ ከዚያ ሳህኑን ጠርጎ ይጨርሰዋል።

የእኔ ሥራ መድፈን ነበር። ሳንቃና ሳንቃ ሲገጠሙ በውጭ በኩል ቀጭን ክፍተት ይተዋል። በዚያ ውስጥ የተገመደ ጥጥ በደነዝ መሮና በእንጨት መዶሻ ተመትቶ ይገባል፣ ከላዩ ስቱኮ ይለጠፋል፣ ከዚያ ይቀባል። ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትወርድ እንጨቱ ያብጥና ጥጡን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ስቱኮው ለዓይን ነው። ውሃ የሚያቆመው ጥጡ ነው። የሌሎቹ ሥራ ቤት ሰዎች መጀመሪያ "ቶራኪቺ ሴት ልጁን መዶሻ አስያዛት" እያሉ ይስቁ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን እኔን ሊዋሱ ይመጡ ጀመር። አባቴም የሌላውን ሰው መጋጠሚያ በጣታቸው እያንኳኩ አንድ በአንድ ይመረምራሉ፤ የእኔን አይነኩም።

"ያንቺን የምመረምረው ስሞት ነው" ብለውኛል አንድ ቀን። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ለማሳሩ ጀልባ የሠሩለት በሁለት ክረምት ነው። አከርካሪዋ አንድ ወጥ የጥድ ግንድ፣ ጎድኗ ኦክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት፣ ልባሷ ቢጫ ዝግባ። ኦኩን በእንፋሎት ሳጥን ውስጥ እንቀቅልና ሲወጣ እንደ ቆዳ ይለመጣል፤ ቆልምመን እስክንቸነክረው ያለን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሦስታችንም ወፍራም ጓንት አድርገን፣ እየሮጥን፣ እርስ በርስ እየተሰዳደብን፣ አርባ ስድስት ጎድን ቆለመምን። ሦስት ብቻ ተሰበሩብን። በ1941 ጸደይ ወደ ውሃ ስትወርድ አባቴ እኔን ጠርተው "ከኋላዋ 'ቶዮ' ብለሽ ጻፊ" አሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስሟን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በታኅሣሥ ከጃፓን ጋር ጦርነት ተጀመረ። እኔና ማሳሩ እዚያው ወንዝ ዳር የተወለድን ብንሆንም በሳምንቱ የእኛ፣ የጃፓን ዘር ያለን ሰዎች ጀልባ በሙሉ እንዲያዝ መንግሥት አዘዘ። ማሳሩ "ቶዮ"ን በገዛ እጁ እየነዳ ወንዙን ሽቅብ ወስዶ አስረከበ። ከሺህ በላይ ጀልባ ጎን ለጎን አጣብቀው አሰሩ። አባቴ በእግራቸው ሄደው ከዳር ሆነው ሲያዩ "ቶዮ" በሁለት ትልልቅ ጀልባዎች መሃል ገብታለች፤ ውሃው በሸሸ ቁጥር አንደኛው ዘሞ ይተኛባታል።

"እባክህ ልጄ" አሉት ጠባቂውን መርከበኛ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "ልግባና በመሃላቸው አሮጌ ጎማ ላስገባ። ውሃውንም ልቅዳላት።"

"ወደ ኋላ በል ሽማግሌ።"

"እንጨቱ እኮ ሲሰበር ይሰማሃል። ስማ!"

"ወደ ኋላ አልኩህ!"

ተመልሰው መጥተው ራት አልበሉም።

በመጋቢት ማሳሩን ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተራራ ውስጥ መንገድ ሊያሠሩት ወሰዱት። ለእኔና ለአባቴም ቀን ተቆረጠልን፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ሁለት እጅ የሚሸከመውን ያህል ይዘን፣ በባቡር ከባሕሩ ዳርቻ እንድንርቅ።

በዚያው ሳምንት አርቪድ መጣ። ሁልጊዜ እየጮኸ የሚገባው ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

"ቶራ፣ መንግሥት ጀልባዎቹን እየሸጠ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"'ቶዮ'ን እኔ ገዛኋት። እኔ ባልገዛት ሌላ ይገዛታል። የማያውቃት ሰው ከሚይዛት..."

"ምን ሆናለች?" አሉ አባቴ።

"በቀኝ በኩል አራት ሳንቃ ተሰብሯል። ሁለት ጎድንም። ቶራ፣ እንዳንተ የሚገጥም ሌላ ሰው የለም። ልጠይቅህ አፈርኩ፤ ግን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"አምጣት" አሉት።

አርቪድ እንደ ሄደ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮኽኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"የማሳሩን ጀልባ ቀምተው ሰጡት! እኛን እንደ ከብት ባቡር ላይ ሊጭኑን፣ እርስዎ ደግሞ አሳምረው ሊያስረክቡት?"

"የቀማን እሱ አይደለም።"

"ተቀባዩስ ማነው? ሌላ አናጺ ይፈልግ!"

"ሱዬ፣ ጀልባዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። አሁን ተሰብራለች። ሰው ደግሞ ይሳፈርባታል። ሌላው ነገር እኔ የማውቀው ነገር አይደለም።"

ዘጠኝ ቀን ሠራን። የቤታችን ዕቃ ታስሮ ጥግ ላይ ተከምሯል፣ እኛ ሳንቃ እንልጋለን። አባቴ ለክረምቱ ትእዛዝ ያስቀመጡትን ምርጥ ዝግባ አወጡ። ለማን ይቀራል? አርቪድ በየቀኑ እየመጣ ሲያግዝ ዋለ፤ ቀልዱን ትቶታል። በስምንተኛው ቀን ቀለም ስበጠብጥ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ሱዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ስሙን... ወረቀቱ ላይ አዲስ ስም ተመዝግቧል። 'ኢንጋ'። የሚስቴ ስም ነው። የአንቺን የመሰለ ፊደል የሚጽፍ የለም።"

ክፉ ሰው አልነበረም። ያፈረ ሰው ነበር። ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። መፋቂያውን አንስቼ የእናቴን ስም ከእንጨቱ ላይ ፋቅሁት። ፊደሉ ሁሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ እግሬ ላይ ወደቀ። ከዚያ "ኢንጋ" ብዬ ጻፍኩ፤ አሳምሬ።

በማግስቱ የቀረኝ የመጨረሻው መጋጠሚያ ነበር፤ ከኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ከውሃው መስመር አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ብሎ። አባቴ ውስጥ ገብተው የሞተሩን መቀመጫ ያጠብቃሉ። አርቪድ የለም። ጥጡን በግራ እጄ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ጥጡን መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩና ስቱኮውን አነሣሁ። ከአንድ ክንድ ትንሽ የሚበልጥ ርዝመት ባዶውን በስቱኮ ሞላሁት። አለሰለስኩት። ቀባሁት።

ሳላስበው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስቤበታለሁ። ዓሣ ሲጭን ጀልባዋ ዝቅ ትላለች፣ ስቱኮው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፤ አርቪድ በየማለዳው ፓምፕ እየገፋ ይራገማል፣ ጀልባይቱ እንደ ድሮዋ አሮጊት ጀልባው ታለቅስበታለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩም። ሥራውን ግን አውቃለሁ። ማሰብ የሚገባኝን የሚያውቅ እጅ ነበረኝ።

አባቴ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

በጣታቸው የራሳቸውን ሳንቃዎች እያንኳኩ ዞሯት። እኔ የደፈንኩት ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና አለፉ።

ጀልባዋ ስትወርድ ጠብታ ውሃ አልገባባትም። ባቡር ጣቢያ አርቪድ ሊሸኘን መጥቶ ሁለት የሱፍ ብርድ ልብስ ሰጠን። "እዚያ ላይ ብርድ ነው አሉ" አለ። አባቴን ሊያቅፋቸው ፈልጎ እንዴት እንደሚያቅፋቸው ስላላወቀ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። በሚቀጥለው ክረምት በዚያ ብርድ ልብስ ነው የተኛሁት።

የሰፈርነው በተራሮች መሃል፣ ባልደረቀ ሳንቃ በተቸነከሩ ጎጆዎች ውስጥ ነው። ሳንቃው ሲደርቅ እየተኮማተረ ንፋስ አስገባ፤ ጠዋት ስንነሣ ግድግዳው በውስጥ በኩል አመዳይ ለብሶ እናገኘዋለን። አባቴ ሲደርሱ ጀምሮ ሥራ አልፈቱም። አልጋ ሠሩ፣ የጎረቤት ጣሪያ ደፈኑ፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች መሞት ሲጀምሩ የሬሳ ሣጥን ሠሩ። ሰዎች "ቶራኪቺ የሠራው ሣጥን ባሕር ላይም ቢጥሉት አይሰጥም" እያሉ በሐዘን መሃል ይቀልዱ ነበር።

በታኅሣሥ ጎረቤታችን ዕቃ ተጠቅልሎ የመጣበት፣ ሦስት ሳምንት ያለፈው የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አመጣልኝ። "ይቺ አርቪድ የገዛት የእናንተ ጀልባ አይደለችም እንዴ?" አለኝ። "ኢንጋ" የምትባል ጀልባ ሄሪንግ የሚባል ዓሣ ጭና ስትመለስ በደቡብ ምሥራቅ ንፋስ ሰጥማለች። ባለቤቷ አርቪድ ኒሉንድና የሚስቱ ወንድም ሞተዋል። ሌላ አንድ ሠራተኛ በጭነት ክፍሉ ክዳን ላይ ተንሳፍፎ ተርፏል።

አባቴ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ለእሳቸው ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ብደብቅ ጎረቤታችን ይነግራቸዋል።

"የተረፈው ሰው ውሃው ከየት ገባ ይላል?"

"ከኋላ። ጀልባዋ በጭነት ዝቅ ብላ ነበር ይላል። ፓምፑ አልቻለውም።"

"ድገሚው።"

ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ በወረቀት ላይ መስመር አስምረው የማያውቁት ሰውዬ የጎጇችንን ወለል በእርሳስ ሞሉት። የጀልባዋን የኋላ ክፍል ሳንቃ በሳንቃ፣ ሚስማር በሚስማር ሣሉት። ተንበርክከው ያዩታል፣ ያጠፉታል፣ እንደገና ይሥሉታል። "አራተኛው ጎድን ላይ ሚስማሩ ቀርቦ ነበር" ይላሉ ለራሳቸው። "ወይስ ዝግባው እርጥበት ነበረው? እርጥበት ከነበረው ደርቆ ይከፈታል..." እኔ ሩዝ እያጠብኩ እሰማለሁ።

ሥራም ተዉ። ጎረቤታችን የሞተች ልጁን ሣጥን እንዲሠሩለት መጥቶ ሲለምናቸው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት።

"ይህ እጅ ሰው ገድሏል። ሌላ ፈልግ።"

ሰውየው እኔን ተመለከተኝ፤ አንድ ነገር እንድላቸው። እኔ ወደ ምድጃው ዞርኩ። ልጅቷን በሻይ ሣጥን ሳንቃ ቀበሯት።

በየካቲት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ወረቀት አምጪ" አሉኝ። "ለአርቪድ ሚስት ጻፊልኝ።" ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው በጃፓንኛ ይናገራሉ፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ።

"እመቤት ኒሉንድ። ጀልባዋን የጠገንኳት እኔ ነኝ። ውሃው የገባው በእኔ እጅ ጥፋት ነው። ጥፋቱ የት እንደሆነ እስካሁን ላገኘው አልቻልኩም..."

ብዕሩን አስቀመጥኩት።

"አባባ፣ አያገኙትም። እርስዎ የሠሩት ውስጥ የለም።"

ወለሉ ላይ ወዳለው ሥዕላቸው ዞሩ።

"በመጨረሻው ቀን፣ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ጥጥ አላስገባሁም። ስቱኮ ብቻ ነው የሞላሁት።"

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የአናጺ ጥያቄ ነበር። "ርዝመቱ ስንት?"

"ከክንድ ትንሽ ይበልጣል።"

"ከላይ ስንተኛው ሳንቃ?"

"ሦስተኛው።"

ትከሻቸው ወረደ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ዛሬም ልረሳው አልቻልኩም፤ መጀመሪያ እፎይታ ነበር። ሳንቃቸው አልከዳቸውም፤ ሚስማራቸው አልከዳቸውም። እፎይታው አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና እፎይ ማለታቸው ለራሳቸው ታወቃቸው። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው። የሚሞቱ ግን አልመሰለኝም።"

እንዲመቱኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ብዕሩን በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ፦

"ጻፊ" አሉ።

"ምን ብዬ?"

"ያልኩሽን።"

"አባባ፣ እኔ ነኝ እኮ! የራሴን ልጻፍ።"

"ሥራ ቤቱ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"ጀልባዋን ለአርቪድ ያስረከበው ማነው?"

"እርስዎ።"

"የሌላውን ሁሉ መርምሮ ያንን አንድ ቦታ ሳያይ ያለፈውስ? ጻፊ።"

ጻፍኩ። በማያውቁት ፊደል የተጻፈውን ደብዳቤ ሳያስነብቡኝ ፈረሙበት። የፈለግሁትን ልጽፍ እችል ነበር፤ ያሉኝን ነው የጻፍኩት። በእሳቸው ጥላ ሥር መደበቁን እንደወደድኩት የገባኝ ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ ነው።

መልስ አልመጣም። አባቴም ከዚያ ወዲያ አልተቆጡኝም፣ አልሰደቡኝም። የሰጠኋቸውን ይበላሉ፣ ያጠብኩላቸውን ይለብሳሉ። ስሜን ግን አይጠሩም። ውሃ ሲፈልጉ "ውሃ" ይላሉ፣ ወደ ግድግዳው። ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ ኖርን። በ1945 መከር ሳንባቸውን አሟቸው ሲሞቱ ማሳሩ ደርሶ እጃቸውን ይዞ ነበር፤ "እህትህን ወደ ምሥራቅ ይዘሃት ሂድ" አሉት። እኔ እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜአለሁ።

ወደ ባሕሩ ዳርቻ መመለስ የተፈቀደልን በ1949 ነው። ማሳሩ ቶሮንቶ አግብቶ ቀርቷል። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። ሥራ ቤታችን የለም፤ ሳንቃውን ሰው ነቅሎ ወስዶታል፤ ከጭቃው ውስጥ የግንዶቹ ጉቶ ብቻ ይታያል። ብዙም አልቆምኩም። የኢንጋን ቤት ጠይቄ ሄድኩ።

ሲያዩዋት ቀጭን፣ ፀጉሯ ያለ ጊዜው የሸበተ ሴት ናት። ገና በሩን ስትከፍት አወቀችኝ።

"የቶራ ልጅ" አለች። "ግቢ።"

ድንች እየላጠች ነበር። መላጧን አላቆመችም።

"ደብዳቤው ደርሶኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ? ባሌ 'ቶራ የሠራት ጀልባ ውስጥ ከቤቴ ይልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል' ይል ነበር። ስድስት ዓመት አባትሽን ስረግም ኖርኩ።"

"ስለ እሱ ነው የመጣሁት። አባቴ አይደሉም። እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ጥጡ፣ ስለ ስቱኮው፣ ስሙን ስለ መፋቄ። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ።

"በስሙ ምክንያት?"

"በሁሉም። ስሙ ግን የመጨረሻው ነበር።"

"እኔ አላልኩትም" አለች በዝግታ። "ጀልባ ላይ ስሜን አልፈልግም ነበር፤ ደስ የማይል ነገር ነው ብዬዋለሁ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እሱ ምን አደረገሽ? እሱ ስምሽንም አያውቅ!"

"ምንም አላደረገኝም።"

"አባትሽ ይህን ያውቅ ነበር?"

"ደብዳቤውን ከመፈረማቸው በፊት ነግሬአቸዋለሁ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። "እሱን እየረገምኩ፣ አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ እየበላሽ፣ እየተኛሽ።"

"አዎ።"

"አሁን ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው? ይቅርታ?"

"ፖሊስ ቢጠሩ እቆያለሁ።"

"ፖሊስ!" ሳቀች፤ አስቀያሚ ሳቅ ነው። "ከሰባት ዓመት በፊት ላልገባ የጥጥ ቁራጭ? ምን አሳያቸዋለሁ? ባሕሩን?" ተነሥታ በሩን ከፈተችው። "ውጪልኝ። ይቅርታውንም እዚህ አታገኚውም፤ እስሩንም እኔ አልሰጥሽም። ውጪ።"

ወጣሁ። ሥራ የመፈለግ ሐሳብ ነበረኝ፤ ሁለት የጀልባ ሥራ ቤቶች እጄን ያውቁታል። በሁለቱም በር አልፌ ሄድኩና በማግስቱ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ። ዛሬ የምኖረው ባሕር በሁለት ቀን መንገድ በማይደረስበት የስንዴ አገር ነው። ኮት ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ እተክላለሁ።

በመጨረሻ ለማሳሩም ጻፍኩለት። እሱ ጀልባውን ያጣ፣ አባታችን በእጁ ላይ የሞቱበት፣ ለምን ስሜን እንደማይጠሩ ግን ያልገባው ሰው ነው። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ "እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።" ሊያጽናናኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን እስካነብ ድረስ ከእኔ የተሻለ አንድ ሰው ከቤታችን ተርፏል ብዬ አምን ነበር። እስካሁን አልመለስኩለትም።